ድንጋይ የሌለው ወፍጮ

ዱቄቱ የቦነነው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ጣይባ ፊት ነበር። ሌላ ጊዜ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የተዘረጋው የጎማ ቺንጊያ የሚያነሳው ንፋስ ብናኙን እየጠረገ ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ስለሚለጥፈው ግድግዳው ክረምት ከበጋ ነጭ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ጥቁር ሻርፗ በአንድ አፍታ ሸበተባት። በእጇ አራገፈችው። በሩ ገርበብ ስላለ ከውቅሮ መንገድ በኩል የገባ ንፋስ ይሆናል ብላ ተራ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረች፤ የሚቀጥለውን ጆንያም ተቀበለች። ነገሩ የገባት ከድንጋዩ መሃል ሲጥጥ የሚል ድምፅ ሲወጣ ነው። ቀና ብላ ቺንጊያውን አየችው። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ቀኝ ሲሮጥ የኖረ ቺንጊያ ወደ ግራ ይሮጣል።

ማብሪያው ጋ እስክትደርስ ነገሩ አለቀ። የሚዞረውን ድንጋይ ከዘንጉ ጋር አጥብቆ የያዘው ዳዶ፣ ወፍጮው በደንቡ ሲዞር እየጠበቀ የሚሄድ ነው፤ አዙሪቱ ሲገለበጥ ግን እንደ ጠርሙስ ክዳን ይፈታል። ተፈታ። ድንጋዩ ከቦታው ተንሸራቶ ከቋሚው ጓደኛው ጋር ተላተመና ከጠርዙ እስከ እምብርቱ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የዱቄት ጉም ብቻ ቀረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

መጀመሪያ የተናገረችው ጎረቤቷ ሠርክአዲስ ናት። ወፍጮው አፍ ውስጥ የነበረው የእሷ ገብስ ነበር። «አጆኺ ጣይባ» አለቻት፤ በትግርኛዋ አጽናንታ ወደ አማርኛ እየተሻገረች፣ «የተሰበረው ድንጋይ ነው። እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ጣይባ እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት። ጣቶቿ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። እሷ ግን በሐሳቧ ድንጋዩ ተፈናጥሮ፣ ተሰላፊዎቹን አጭዶ፣ አምቡላንስ እየጮኸ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ሲበር አይታ ጨርሳለች። ጣይባ እንዲህ ናት። ከሆነው ይልቅ ሊሆን ይችል የነበረው ያደክማታል።

እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ትራንስፎርመር በትልቅ ተተክቶ ነበር። ከቆጣሪዋ እስከ ሞተሩ ያለው ገመድም ወፍራም ይሁን ተብሎ፣ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ጎደፋ ማታውን መጥቶ ለወጠላት። የወፍጮ ሞተር በሦስት ሽቦ ነው የሚሠራው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ጎደፋም ያውቃል፣ ጣይባም ታውቃለች። ባሏ ይማም ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቃትም ለዚህ ነው፦ ሽቦ በተነካ ቁጥር ቺንጊያውን አውርጂ፣ ሞተሩን ለብቻው አስነስተሽ እይው፣ እህል ከዚያ በኋላ ነው። ጎደፋ ሥራውን ሲጨርስ መብራቱ ገና ስላልተለቀቀ ጠዋት ሞክሪው ብሏት ሄደ። ጠዋት ደግሞ መብራቱ እንደ ጉድ ደምቆ፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ፣ ሰው ሁሉ ስለ አዲሱ ትራንስፎርመር በደስታ ሲያወራ ተገኘ። ጣይባም ሰው ሲጠብቃት የሚይዛት ጭንቀት ያዛትና ቺንጊያውን ሳታወርድ ማብሪያውን ጫነችው።

የሠርክአዲስን ገብስ በራሷ ቤት ዱቄት ተካችላት። ሴትዮዋ አልቀበልም ብላ ብዙ ተግደረደረች። ሌሎቹ ጆንያቸውን እየተሸከሙ ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ጣይባ በሩን ገጥማ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ አጠገብ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና የመጣላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ይማም በምን ሰበብ ሊመጣ ነው?

ይህን ሐሳብ ለሌላ ሰው ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሳት ያስፈልጋል።

ጣይባና ይማም ከወሎ፣ ከሐርቡ፣ መጥተው መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ሲይዙ በዚያ መንገድ ላይ መብራት ማለት በየቤቱ አንዲት አምፖል ነበረች። የይማም ወፍጮ በናፍጣ ነበር የሚሠራው። የሞተሩ ጭስ ማውጫ አናት ላይ አንዲት ቆርቆሮ ተደፍታ ነበር፤ ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር እየዘለለች ቱክ ቱክ ቱክ ትላለች። ወፍጮ ቤቱ መከፈቱን ሰው የሚያውቀው በእሷ ነው። ልጃቸው ሩፋይዳ በሕፃንነቷ ያለዚያ ድምፅ አትተኛም ነበር። ጣይባም ብትሆን ጓዳ ሆና ቱክ ቱኩን ስትሰማ ባሏ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ፣ እጁ ደህና እንደሆነ ታውቃለች። ድምፁ ሲቆም ብቅ ብላ ታያለች። በሕይወቷ ሐሳብ ያልነበረባት ዘመን ቢኖር ያ ነው።

ከዚያ ከተማው አደገ። ባለ ሦስት ሽቦው መስመር በመንገዱ ሲያልፍ ሁሉም ተሽቀዳደመ። ብየዳ ቤቱ ተከፈተ፣ ብሎኬት ማምረቻው ተከፈተ፣ እንጨት ቤቱ መጋዙን በሞተር አደረገ። ይማምም ለናፍጣ የሚለፋውን ልፋት አስቦ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛ። አዲሱ ሞተር አይጨስም፣ አይጮኽም፣ ሴት ልጅ በአንድ ጣት ታስነሳዋለች። ታዲያ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ምን ይሁን? መብራት ያልደረሰበት ገጠር ሞልቷል ተባለ። ከውቅሮ ባሻገር አንድ ቀበሌ ውስጥ ተተከለ፤ የተቀጠረው ሰው ሞተሩን ያለ ዘይት አስነስቶ ሊያቃጥለው ሲል ይማም ራሱ ሄደ። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው አላት።

ክረምቱ አለፈ፤ ቀበሌው ግን ደንበኛ ሆነ። የመብራቱ ምሰሶ እዚያ ሲደርስ ይማም ሞተሩን ነቅሎ ወደማይደርስበት ሄደ። ምሰሶው እዚያም ተከተለው። እንደገና ነቀለ። ሀገር መብራት ባገኘ ቁጥር ለጣይባ ባሏ አንድ ተራራ ይርቃታል። በቴሌቪዥን ስለ ግድቡ፣ ስለ አዲስ መስመር ዝርጋታ በተነገረ ቁጥር ጎረቤት ደስ ሲለው እሷ የምታስበው ቀጥሎ የትኛው መንደር እንደሆነ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅልሎ ተመልሷል። በጦርነቱ፣ ከተማው መብራት ባጣባቸው ዓመታት፣ ያን አሮጌ ሞተር በአህያ ጋሪ አስጎትቶ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ተከለው። ናፍጣ በተገኘ ቀን ቱክ ቱኩ ይነሳል፤ ሰው ከየት ከየት እያለ አንድ ጣሳ እህል ይዞ ይመጣል። ረኃብ ነበር፣ ፍርሃት ነበር፣ የሞተ ሰው ስም ሳይሰማ የሚመሽ ቀን አልነበረም። ጣይባ ያን ጊዜ መልሰህ አታሳየኝ ብላ ነው አላህን የምትለምነው። ግን ይማም ቤት ነበር። ጨለማው ውስጥ ጎኗ ነበር። መብራት የተመለሰ ቀን ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ እሷ አምፖሉን ቀና ብላ አይታ ልቧ ስንጥቅ አለ። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ እንዴት ተብሎ ይነገራል? በሳምንቱ ይማም ሞተሩን ጭኖ ሄደ።

ለራሷ ያስቀረችው አንድ ነገር ድንጋዩ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲሠራ ሲሠራ ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ ዱቄቱ ሻካራ ይወጣል፣ ሞተሩም ያቃስታል። ያኔ ድንጋዩ ይወርድና በመውቀሪያ እየተመታ ጥርስ ይወጣለታል። ይማም በዚህ ሥራ እጁ የተመሰከረለት ነው። በከተማው ሌላ ወቃሪ አልጠፋም፤ እዚያው መንገድ ዳር ኣፅብሃ የሚባል ሽማግሌ አለ። ጣይባ ግን የቤቴን ድንጋይ ሌላ ሰው አይነካውም ብላ ወሰነች። ዱቄቱ መሻከር ሲጀምር ትደውላለች። ይማም ባለበት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ስልክ የሚያነጋግረው፤ ሚስት ለባሏ የምትለውን እዚያ መሃል እንዴት ትላለች? «ዱቄቱ ሻክሯል» ትለዋለች። እሱም «እሺ፣ እመጣለሁ» ይላል። ይመጣል፤ ይወቅራል፤ ሻይ ይዛለት ትቀመጣለች፤ ቅንድቡ በድንጋይ ብናኝ ይነጣል። ያድርና ሳይነጋ ይሄዳል።

እያደር ዱቄቱ ትንሽ ቀድሞ መሻከር ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ጣይባ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሽታ፣ ሳይሻክር ሻክሯል ያለችበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ድንጋዩ ተሰብሯል። ሩፋይዳ ደግሞ የምትለው ሌላ ነው።

ሩፋይዳ የኤሌክትሪክ ባጃጆች ባትሪ የሚሞላበት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ለእናቷ ያ ራሱ የጭንቀት ምንጭ ነው፤ ባትሪ ይፈነዳል ሲባል ሰምታለች፣ ልጅቷ አምስት ደቂቃ ከዘገየች መንገዱ ላይ ቆማ ታያለች። ሩፋይዳ የተሰበረውን ድንጋይ አይታ አላዘነችም። አሁን የመጣ ወፍጮ አለ አለች፤ ድንጋይ የለውም፤ በብረት ክንፍ ነው እየመታ የሚፈጨው፤ ተመሳሳዩን እህል በትንሽ ጊዜ፣ በትንሽ መብራት ይጨርሳል፤ መውቀር የሚባል ነገር አያውቅም። በማኅበር በዱቤ የሚሰጡ ሰዎችን ታውቃለች፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ።

ጣይባ ትንሽ ይበላል የሚለውን ነገር አላመነችም። ይማም ያቺን ቢጫ አምፖል በነጯ ቆጣቢ አምፖል ሲቀይር ቆጣሪው አሁን ይተኛል ብሎ ነበር። ነጯ ትንሽ ነው የምትበላው ስለተባለ ለጓዳውም፣ ለበረንዳውም፣ ለአጥሩም፣ ለሽንት ቤቱም ተሰቀለች፤ ቆጣሪው ከበፊቱ ይብስ ሮጠ። ሩፋይዳ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እማ፣ አገሩም ሁሉ እንደ እኛ ሽንት ቤት ነው» አለቻት። «በቀለለ ቁጥር ሰው ይጨምራል። ባጃጅ በባትሪ ሲሆን ረከሰ፣ ሲረክስ በዛ፤ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሁሉ አሁን ይሳፈራል። ትራንስፎርመሩም ያልቻለው ለዚህ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ፣ ወደ ኩራዝ እንመለስ?»

ጣይባ በኩራዙ ዘመን አንድ ነገር ጥላ እንደመጣች ልጇ አታውቅም። ለዓርብ መልስ እሰጣለሁ ብቻ አለቻት።

ይማም ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ያለበት ቦታ መብራት ስለሌለ ስልኩን የሚሞላው ከሞተሩ ጋር በተገጠመች ትንሽ ዲናሞ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ስልኩም ይሠራል። ስለዚህ ስልክ ዝግ ሲሆን ጣይባ የምታስበው ስለ ስልኩ አይደለም። ሞተሩ ቆሟል ማለት ነው። ሞተሩ ለምን ቆመ? ቺንጊያው እጁን ይዞት ይሆናል። ጋቢው ተጠምጥሞበት ይሆናል። ወይ ደግሞ ደህና ነው፣ ያሳደረችው ሴት አለች፣ ልጅ ወልዳለታለች። ሦስቱንም በየተራ አለቀሰችላቸው። በማግስቱም ደወለች፤ ዝግ ነው። ድንጋዩን ከመሬት አንስታ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ሸፈነችው፤ ለምን እንደሸፈነችው ራሷም አታውቅም።

ወሬውን ያመጣው ታመነ ነው። ታመነ የወልድያ ልጅ ነው፤ በአይሱዙው ጨውና ዱቄት እየጫነ በእነ ጣይባ በር ነው የሚያልፈው፤ አልፎ አልፎም ከይማም መልእክት ያደርስላታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው እየሳቀ ነገራት። ይማም ያለበት መንደር መብራት ገብቶለታል። በሬ ታርዷል። ወጣቶች ተደራጅተው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተክለዋል። የይማምን ሞተር ካሁን በኋላ ማን ያየዋል? ነቅሎታል፤ እሱም ቦታ ሊያይ ወጥቶ ነው እንጂ ደህና ነው። ከሳምረ ወዲያ ቆላው ውስጥ፣ ሀይሉ የሚባል ነጋዴ ጠርቶታል፤ እዚያ መብራት ቶሎ አይደርስም ይባላል። ሐሙስ ዕለት ታመነ ሞተሩንም ይማምንም ጭኖ በመቀሌ ያልፋል።

ሳምረ። ጣይባ ከውቅሮ በኩል እያየች የለመደች ዓይኗን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ሊኖርባት ነው።

ታመነ ለሰውዬው የምነግርልሽ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ከንፈሯ ላይ የመጣው ያው የለመደችው ነበር፤ ግን የቱ ዱቄት ነው የሚሻክረው? ሰላም በልልኝ አለችው። ከዚያ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል መስኮቱን ያዘችና ድንጋዩ መሰበሩን እንዳይነግረው ለመነችው። ታመነ ግራ ገባው። ሐሳብ ላይ እንዳይወድቅ ነው አለችው። እውነቱ ሌላ ነበር። የሚወቀር ነገር እንደሌለ ካወቀ አይሱዙው በሯ ላይ ለምን ይቆማል? እንዳለፈ ያልፋል። ሐሙስ አንድ ሌሊት ናት። ያቺንም ልታጣት አልፈለገችም።

ሐሙስ እስኪደርስ ጣይባ ቤቱን ጠረገች፣ መልሳ ጠረገች። መኪናው ገደል ሲገባም አየች፣ ሞተሩ ተንሸራቶ ሲጫነውም አየች፣ ይማም ሳይወርድ ከመስኮት እጁን አውለብልቦ ሲያልፍም አየች፤ የመጨረሻው ነው በጣም ያስፈራት። ሠርክአዲስ መጥታ ጎረቤት ሆኖ ማኩረፍ ነውር ነው፣ ለምን አትወጪም ብትላት፣ ባሌ ሊመጣ ነው አለቻት። ሠርክአዲስም «እንኳን ደስ ያለሽ ነዋ፣ ፊትሽ ግን ለቅሶ ቤት ይመስላል» ብላ ቀለደችባት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አይሱዙው መጥቶ ቆመ። ይማም ወረደ። ከስቷል፤ ጺሙ ውስጥ ያለው ሽበት በዝቷል። ከጀርባው ጭነቱ ላይ ሸራ የለበሰው ሞተር ተቀምጧል፤ የጭስ ማውጫው ቆርቆሮ በሸራው ቀዳዳ ብቅ ብላለች። ጣይባ ባሏን ሳታየው በፊት ያየችው እሷን ነው፤ ያቺ ቆርቆሮ አሁን ብትዘል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቱክ ብትል ብላ ተመኘች።

የግቢው በር እንደ ወትሮው እያንቋረረ ተከፈተ። በሩ ከተንጋደደ ቆይቷል፤ መወርወሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። በሩን በትከሻ ወደ ላይ ገፍቶ ነው የሚቆለፈው፤ ይህን የሚችለው ጉልበት ያለው ሰው ነው። ይማም ሲመጣ አይቆልፈውም፤ ሳይነጋ ስወጣ ድምፁ ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው ይላል። ስለዚህ እሱ ሲኖርም ሳይኖርም ጣይባ በሩን በሽቦ አስራ፣ ትልቅ ድንጋይ አስደግፋ፣ አንድ ጆሮዋን ውጭ ትታ ነው የምትተኛው።

ታመነ ማታውኑ ስለምንሄድ ነዳጅ ቀድቼ ልመለስ ብሎ ሄደ። ይማም ታጠበ፣ ሰገደ፣ በላ። ስለ መንደሩ አወራ። መብራት የገባ ለት ያረጁ ሴቶች አምፖሉን እፍ ብለው ሊያጠፉት እንደሞከሩ ነግሯት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ተወው። ለጥቂት ቀን የእሱም ወፍጮ የእነሱም ወፍጮ ጎን ለጎን ሠርተው ነበር አላት። ሰው መጀመሪያ ሐፍረት ይዞት እህሉን ወደ እሱ ያመጣ ነበር፤ በኋላ ሐፍረቱም ለቀቀው። ይህን ብሎ ተነሳና ከሻንጣው መውቀሪያውን አወጣ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ።

ጣይባ ተከተለችው። አምፖሉን ስታበራ ያ አዲስ ብርሃን ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አሳየው፦ የቆመውን ሞተር፣ የወረደውን ቺንጊያ፣ ግድግዳው ሥር ጨርቅ የለበሰውን ድንጋይ። ይማም ቁጢጥ ብሎ ጨርቁን ገለጠው። ጣይባ ቁጣውን እየጠበቀች ሽቦው መለዋወጡን፣ ወደ ኋላ መዞሩን፣ ቺንጊያውን አለማውረዷን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

አልተቆጣም። አውራ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከቶ የድንጋዩን ውፍረት ለካ። «ወደ ኋላ ስለዞረ ብቻ እንዲህ አይሆንም» አላት። «አየሽው እንዴት እንደሳሳ? ስንገዛው ይሄን ያህል ነበር።» መዳፉን ዘርግቶ አሳያት።

«ምን አሳሳው?»

«መውቀር ነዋ። ዱቄቱ ሻክሯል እያልሽ ትደውያለሽ፤ መጥቼ ሳየው ጥርሱ ገና ነው። ምን ላድርግ፣ መጣሁ ብዬ ዝም ብዬ ልመለስ? ወቀርኩት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ትደውያለሽ።» ድንጋዩን መታ መታ አደረገው። «ሁለታችን ነን ወቅረን የጨረስነው።»

ጣይባ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «ታውቅ ነበር» አለችው።

«በወቃሪነት ያረጀሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ይማም መውቀሪያውን ከእጅ ወደ እጅ አዟዟረ። «ብነግርሽ ኖሮ» አላት፣ «በምን ትጠሪኝ ነበር?»

ከውጭ የአይሱዙው ድምፅ ተሰማ፤ ታመነ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ጣይባ ጊዜው ሲያልቅ ታወቃት። አዲስ ወፍጮ ሊመጣ ነው አለችው፤ ድንጋይ የሌለው፣ ትንሽ መብራት ይበላል የሚባል፤ ሩፋይዳ ናት ያገኘችው፤ ነገ መልስ ይጠብቃሉ። ይማም ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ነው አለ፣ ትገላገያለሽ አለ፤ ትንሽ ይበላል የተባለው ግን እዚያ መንደር ወጣቶቹ የተከሉትም እንደዚያው ነበር የተባለው፣ አሁን በርበሬውንም ቡናውንም እዚያው ያስፈጩበታል፣ ማታም አይቆምም አለ። ይህን ሲናገር ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ እየለበሰ ነበር።

ዕድሜዋን ሁሉ ክፉውን አስቀድማ ስታስብ የኖረችው ሴት፣ የከፋው ነገር በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቃት አየችና ከዚያ የባሰ የሚፈራ ነገር እንደሌለ ገባት። ዓይኗን ከድንጋዩ ላይ ሳታነሳ ተናገረች።

«የሚወቀር ነገር የለም። ወደፊትም አይኖርም። እንዲያው ቁጭ በል።»

ይማም የጃኬቱን ዚፕ እንደያዘ ቆመ። መውቀሪያውን የሚዛኑ ጠፍጣፋ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ጣይባ እንደተቀመጠች ቀረች። የሁለት ወንዶች ድምፅ ይሰማታል፤ ቃሉ አይለይም። ታመነ አንድ ጊዜ ሳቀ። የሀይሉ ስም ተነሳ፤ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው እሱ ራሱ ይፈልግ እንደማለት ያለ ነገር ሰማች፤ ወይም የሰማች መሰላት። የመኪናው በር ተዘጋ። አንድ በር ነው ወይስ ሁለት? አይሱዙው አጓርቶ ተነሳ፤ ማርሽ ቀየረ፤ ወደ መሃል ከተማ ቁልቁል ወረደ፤ ድምፁ ከባጃጆቹ ጥሩምባ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ሄደ አለች። ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል ሄደ። ያም ሆኖ የታያት ያቺ ቆርቆሮ ናት፤ በጨለማው ውስጥ በሸራ ቀዳዳ ብቅ ብላ ወደ ሳምረ ስትጓዝ። እዚያ ነገ ከነገ ወዲያ ቱክ ቱክ ትላለች። አንዲት ሴት ከጓዳዋ ሆና ትሰማታለች፣ ባሏ የት እንዳለም ታውቃለች፤ ምሰሶው እስኪደርስ። ጣይባ ያቺን የማታውቃትን ሴት ቀናችባትም፣ አዘነችላትም።

ከአፍታ በኋላ የሩፋይዳ ድምፅ መጣ፤ ከባጃጅ ወርዳ በሩ ላይ አንድ ሰው አግኝታ «አባ!» አለች። ከዚያ የሁለት ሰው ኮቴ ግቢውን ገባ፤ አንዱ ወደ ቤት አለፈ፣ ሌላው እዚያው በሩ ጋ ቀረ። ያስደገፈችው ትልቅ ድንጋይ ወደ ጥግ ሲንከባለል ሰማች። የቆርቆሮ በሩ ተንቋረረ። ሰውዬው ትከሻውን አስገብቶ በረጅሙ ተነፈሰ፤ በሩ ከመሬት ተነሳ፤ ዝገት የበላው መወርወሪያ አንድ ጊዜ አንገራገረ፣ ሁለተኛ አንገራገረ፣ ከዚያ ቀዳዳውን አገኘና እስከ መጨረሻው ገባ።